ጣዖት ነው ወይስ ስጦታ?



በዚህ ዕትም የማነሣው ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ ትንሽ ሊመስላችሁ ይችላል። በመጠኑ በእርግጥም ትንሽ ነው፤ ከትንሿ ጣታችን አይበልጥም። ነገር ግን አንድን ትዳር ሦስት ወር ሙሉ ሰላም ያሳጣ ነገር ስለሆነ ዝም ብዬ ላልፈው አልወደድኩም። ጉዳዩ ልጆች ሥዕል ከሚቀቡበት ክሬዮን፣ ማለትም ከሰም ቀለም፣ የዱር እንስሳትን ቀርጾ ስለማውጣት ነው። «ደግሞ በዚህ ባልና ሚስት ይጣላሉ?» ትሉኝ ይሆናል። አዎን፣ ይጣላሉ። ባልና ሚስት የሚጣሉት ብዙ ጊዜ በትልቅ ነገር አይደለም፤ በትንሽ ነገር ውስጥ በተደበቀ ትልቅ ነገር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው

ይህን የምጽፈው በባለትዳሮቹ ፈቃድ ነው፤ ማንነታቸውን የሚገልጠውን ሁሉ ግን ትቼዋለሁ። ባልና ሚስቱ ለብዙ ዘመን የኖሩት ካዛንቺስ ነው። ካዛንቺስ ስሟን ያገኘችው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት ይሠራ ከነበረ ድርጅት ስም ነው። ለብዙዎቻችን ግን ስሟ ሲነሣ ትዝ የሚለን በአንድ ግቢ ተጠጋግቶ የሚኖረው፣ ቡና የሚጠራራው፣ የአንዱን ልጅ ሌላው የሚቆጣው ጎረቤት ነው። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ሰፈሩ ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ ብዙ ቤተሰቦች ወደ ከተማዋ ዳር ተዛወሩ። እነዚህም አብረው ሄዱ። ቁም ሣጥኑም አልጋውም በመኪና ተጭኖ ሄደ፤ ጎረቤት ግን ተጭኖ አይሄድም።

የአባትየው ሥራ አሁንም ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ ስለሆነ ጎሕ ሳይቀድ ይወጣል። ሲመለስ ልጆቹ ተኝተዋል። የመጨረሻው ልጃቸው የ11 ዓመት ነው። ቀድሞ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቦርሳውን ወርውሮ ከእኩዮቹ ጋር ይሮጥ የነበረው ልጅ አሁን ከቤት አይወጣም። አንድ እሑድ በቤተ ክርስቲያን የልጆች አገልግሎት ክፍል ሲጸዳ የሚጣሉ የክሬዮን ስብርባሪዎች አገኘና ጠይቆ ወሰዳቸው። በአንዲት ምስማርና በመርፌ መፋቅ ጀመረ። በመጀመሪያ የወጣው ወፍ ነበረ። ከዚያ ውሻ፣ ቀጥሎ አንበሳ፣ ኋላም በመማሪያ መጽሐፉ ያያቸው ዋልያና ቀይ ቀበሮ ተከተሉ።

እናት ደስ አላት። ነገር ግን ባሏ «ትምህርቱን ትቶ ሰም ሲፍቅ ይውላል» ብሎ አንድ ጊዜ ስለተቆጣ፣ የተሠሩትን በባዶ የወተት ቆርቆሮ እያደረገች ከቁም ሣጥኑ ላይ ደበቀች። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ አባት ሌላ ዕቃ ሲፈልግ ቆርቆሮውን አገኘው። ከፈተና አሥራ ሁለት እንስሳት በተራ ተደርድረው አየ። «በቤቴ የተቀረጸ ምስል!» አለና አንዱን አንሥቶ በጣቶቹ መካከል ጨፈለቀው። ልጁ አላለቀሰም። ነገር ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ ከአባቱ ጋር መነጋገር ተወ። እናትም አልጋዋን ለየች።

በአባትየው አትፍረዱ

እህቶቼ፣ ቶሎ ብላችሁ በዚህ አባት አትፍረዱ። እርሱ ያደገው ዛፍ ቅቤ በሚቀባበት፣ ለቆሌ በሚታረድበት ቤት ነው። ጌታን ባገኘ ጊዜ ከወላጆቹ ቤት የወረሰውን ሁሉ በገዛ እጁ አውጥቶ አቃጥሏል፤ በዚህም ከዘመዶቹ ብዙ መከራ ደርሶበታል። በቤተ ክርስቲያኖቻችን እንዲህ ዓይነት ታሪክ ያላቸው ወገኖች ብዙዎች ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው የተቀረጸ ነገር አይቶ ቢደነግጥ ድንጋጤው ከቅንዓት የመጣ ነው፤ ሊናቅ አይገባውም። የሚያስፈልገው ስድብ ሳይሆን የእግዚአብሔር ቃል ነው።

እንግዲህ ቃሉን እንይ። በዘጸአት 20 የተሰጠው ትእዛዝ ግልጽ ነው፤ ማንም ሊያላላው አይችልም። ነገር ግን ቁጥር 4ን አንብበን መጽሐፉን መክደን የለብንም። ቁጥር 5 የክልከላውን ልብ ይነግረናል፤ እርሱም መስገድና ማምለክ ነው። ይህንኑ ትእዛዝ የሰጠው እግዚአብሔር በዚያው መጽሐፍ በምዕራፍ 25 ከወርቅ ኪሩቤልን እንዲሠሩ አዘዘ። በምዕራፍ 31 ደግሞ ባስልኤልን በስሙ ጠራው። በእግዚአብሔር መንፈስ እንደ ተሞላ በስሙ ተጠቅሶ የምናነበው የመጀመሪያው ሰው ሙሴ አይደለም፣ አሮንም አይደለም፤ ወርቅ የሚሠራው፣ ዕንቍ የሚቀርጸው፣ እንጨት የሚጠርበው ባስልኤል ነው።

ወደ ሰሎሞን ቤተ መቅደስም እንግባ። በ1ኛ ነገሥት 7 ትልቁ የናስ ኩሬ የተቀመጠው በአሥራ ሁለት የበሬ ምስሎች ላይ ነበር፤ በመቀመጫዎቹም ላይ አንበሶችና በሬዎች ተቀርጸው ነበር። በምዕራፍ 10 ደግሞ በንጉሡ ዙፋን ስድስት ደረጃዎች ላይ አሥራ ሁለት አንበሶች፣ በመደገፊያዎቹም አጠገብ ሁለት አንበሶች እንደ ቆሙ እናነባለን። በሌላ በኩል የናሱን እባብ ተመልከቱ። በዘኍልቍ 21 በእግዚአብሔር ትእዛዝ ተሠራ፤ ሕዝቡ ግን ዕጣን ሊያጥኑለት በጀመሩ ጊዜ ሕዝቅያስ ሰባበረው (2ኛ ነገሥት 18፥4)። ናሱ ያው ናስ ነው። የተለወጠው የሕዝቡ ልብ ነው።

አባትየው ይህን ሁሉ ሰምቶ ዝም ባለ ጊዜ ባለቤቴ መጋቢው ከኪሱ አንድ የ1 ብር ሳንቲም አወጣና፣ «ይህ በላዩ ላይ ያለው ምንድን ነው?» አለው። አንበሳ ነው። ቀድሞ በኪሳችን የነበረው የ10 ሳንቲም ገንዘብም በአንድ ወገኑ አንበሳ፣ በሌላው ደጋ አጋዘን ነበረበት። በለገሃር ባቡር ጣቢያ ፊት የቆመውን የይሁዳ አንበሳ፣ በብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት በ1948 ዓ.ም. ለብር ኢዮቤልዩ የተሠራውን ትልቁን የድንጋይ አንበሳ ስንት ጊዜ አልፈናቸዋል? በታክሲ ውስጥ ሆኖ የሰገደላቸው አለ? አባትየው በዚህ ጊዜ ትንሽ ፈገግ አለ። «ለሳንቲሙ ለአንበሳው ብሎ የሰገደ የለም፤ ለብሩ ብሎ የሰገደ ግን ብዙ ነው» አለ። መልካም ስብከት ነው!

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ጥያቄው «ተቀርጿል ወይ?» የሚል ብቻ አይሁን። ልጁ ይሰግድለታል? ይፈራዋል? ይጠብቀኛል ብሎ ይታመንበታል? ከአንገቱ አስሮት ያድራል? እንዲህ ከሆነ በፍቅር አስተምራችሁ አስወግዱት። ልጁ ግን የሚያደርገው የፈጣሪን ሥራ ተመልክቶ በእጁ መምሰል ከሆነ፣ አዳም እንስሳትን አንድ በአንድ አይቶ ስም ባወጣላቸው መንገድ ላይ እየሄደ ነው።

«እሺ፣ ምን ይጠቅመዋል?»

ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ነው፤ ብዙ አባቶች የሚጠይቁት ነው። በሰም መሥራት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ወርቅ አንጥረኞቻችን የሚፈልጉትን ቅርጽ አስቀድመው በሰም ይሠሩታል፤ በሸክላ አፈር ይሸፍኑትና በእሳት ሲያግሉት ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በባዶው ቦታ ወርቁ ይፈስሳል። ሰምና ወርቅ የምንለው አነጋገር የመጣው ከዚህ ነው። በጎንደር አጠገብ በወለቃ የቤተ እስራኤል ሴቶች በሸክላ ትናንሽ አንበሶችንና ሰዎችን እየሠሩ ይሸጡ እንደነበረም ይታወቃል።

ክሬዮን ራሱ ታሪኩ ለባለትዳሮች የሚስማማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1903 በአሜሪካ ቢኒ እና ስሚዝ የተባለ ድርጅት ስምንት ቀለማት ያሉበትን ሣጥን በአምስት ሳንቲም ለገበያ አወጣ። ባልየው ኤድዊን ቢኒ ቀለሙን አመረተ፤ «ክራዮላ» የሚለውን ስም ያወጣችው ግን መምህርት የነበረችው ሚስቱ አሊስ ናት። ባልና ሚስት ሲተባበሩ የአንዱ ሥራ በሌላው አፍ ስም ያገኛል።

ዛሬ ክሬዮንን መቅረጽ ሙያቸው ያደረጉ ሰዎች አሉ። በሕፃንነቷ ከቬትናም በስደት ወደ አሜሪካ የገባችውና በሲያትል ከተማ የምትሠራው ዲየም ቻው በክሬዮን ጫፍ ላይ እንስሳትንና ሰዎችን በመቅረጽ ታዋቂ ናት። ሌላው ዳልተን ጌቲ የተባለው በብራዚል የተወለደ አናጢ በእርሳስ ጫፍ ላይ በምላጭና በመርፌ ይቀርጻል። ሃያ ስድስቱን የእንግሊዝኛ ፊደላት በሃያ ስድስት እርሳሶች ጫፍ ላይ ለመቅረጽ ሁለት ዓመት ተኩል ፈጅቶበታል። የተሰበሩበትንም አይጥልም፤ ያስቀምጣቸዋል። በአገራችንም ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የመሠረቱትና ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስማቸው የሚጠራው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ቅርጻ ቅርጽን ያስተምራል።

ይህን የምነግራችሁ ልጃችሁ ነገ ዝነኛ ይሆናል ለማለት አይደለም። ሰም የሚፍቅ ልጅ ሁሉ ቀራጺ አይሆንም፤ ኳስ የሚጫወት ሁሉም ዋልያዎቹን አይቀላቀልም። ነገር ግን ልጁ አንዲት የዋልያ ቀንድ ሳይሰብር ለማውጣት አንድ ሰዓት ከተቀመጠ ትዕግሥትን ተምሯል። ቀንዱ እንዴት ወደ ኋላ እንደሚቆለመም ለማወቅ መጽሐፍ ከገለጠ ተፈጥሮን አጥንቷል። ዋልያ ከሰሜን ተራሮች በቀር በዓለም ላይ በዱር የማይገኝ እንስሳ ነው፤ የወንዱ ቀንድ ከአንድ ሜትር ሊያልፍ ይችላል። እግዚአብሔር በኢዮብ 39 ስለ ዓለት ፍየሎች አወላለድ ጻድቁን ሰው ሲጠይቀው፣ እኛ ደግሞ የእነርሱ ዘመድ በጓሯችን እንዳለ ልጆቻችን ቢያውቁ መልካም ነው።

የባሌውን ቀይ ቀበሮ ደግሞ ስሙት። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂዎቹ ከ500 በታች ናቸው፤ ትልቁ ክፍል የሚኖረው በባሌ ተራሮች ነው። ቀን ቀን እያንዳንዱ ለየብቻው ወጥቶ አይጥና ፍልፈል ያድናል። ጠዋትና ማታ ግን ቤተሰቡ ተሰብስቦ ሰላምታ ይለዋወጣል፤ ግልገሎቹንም በጋራ ይመግባል። እኔ ይህን ባነበብኩ ጊዜ በሌሊት ታክሲ ተሰልፈው የሚሄዱትን፣ በሌሊትም የሚመለሱትን ወላጆቻችንን አሰብኩ። ለየብቻ ማደን ግድ ሊሆን ይችላል። መሰብሰቡ ግን ሲቀር ቤት ቤት አይሆንም።

ያልተጠየቀው ሦስተኛ ጥያቄ

በዚህ ቤት ጣዖት ነው ወይ፣ ይጠቅማል ወይ ተብሎ ተጠየቀ። «በእኛ በሁለታችን መካከል ምን ሆነ?» ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። እህቴን በፍቅር እንዲህ አልኳት፦ «ልጁን ከአባቱ ቁጣ ለመጠበቅ ደበቅሽለት፤ ልብሽ መልካም ነው። ነገር ግን ቆርቆሮውን ስትደብቂ ልጁ አንድ ነገር ተማረ፤ እማዬ የእኔ ወገን ናት፣ አባዬ ደግሞ የሚደበቁት ሰው ነው ብሎ ተማረ።»

የይስሐቅን ቤት አስታውሱ። በዘፍጥረት 25፥28 ይስሐቅ ዔሳውን፣ ርብቃ ደግሞ ያዕቆብን እንደ ወደዱ ተጽፏል። ወላጆች ልጆችን ተከፋፈሉ። ፍጻሜው በምዕራፍ 27 በድብቅ የተዘጋጀ ምግብ፣ የተታለለ አባትና የተሰደደ ልጅ ሆነ። ርብቃ ያን የምትወደውን ልጅ ከዚያ በኋላ ስለማግኘቷ መጽሐፍ አይነግረንም። ስለ ልጃችን የማንስማማበት ነገር ካለ ልጁ ሳይሰማ፣ በር ዘግተን እንነጋገር፤ በፊቱ ግን አንድ እንሁን። አባቶችም ኤፌሶን 6፥4ን እና ቆላስይስ 3፥21ን ደጋግማችሁ አንብቡ። የተጨፈለቀ ሰም ቀላል ነው፤ የተጨፈለቀ የልጅ ልብ ግን ከባድ ነው።

ከቆርቆሮው ውስጥ ምን ነበረ?

አባትየውን አንድ ነገር ጠየቅሁት፦ «ወንድሜ፣ አንተስ በልጅነትህ ከብት ስትጠብቅ ምን ትጫወት ነበር?» ጥቂት አሰበና፣ «በጭቃ በሬ እሠራ ነበር። በሰፊው! ጠምጄ አርስባቸው ነበር እኮ» አለ። ሚስቱ ሳታስበው ሳቀች። «አባትህ ጣዖት ነው ብለው ሰበሩብህ?» አልኩት። «ኧረ እርሳቸውስ ቀንዱን እንዴት እንደማደርግ ነው ያሳዩኝ» አለ። ይህን ከተናገረ በኋላ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ።

ከዚያ ልጁን ጠርተን ቆርቆሮውን እንዲያመጣ ጠየቅነው። አሥራ አንዱን እንስሳት በጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው። አባትየው ራሱ፣ «ይህ ምንድን ነው?» አለው፤ ከሦስት ወር በኋላ የመጀመሪያው ጥያቄ መሆኑ ነው። ልጁም ሳያየው መለሰ። ቀበሮው በጣም የሚሮጠው የካዛንቺስ ጓደኛው ነው። ጭላዳው የሚያስቃቸው ልጅ ነው። ወፏ ከግቢው በር አጠገብ ትኖር የነበረችው ልጅ ናት፤ ትዘምር ነበር። አሥራ ሁለቱም እንስሳት አብረውት ያደጉ የሰፈር ልጆች ነበሩ። ጣዖት ይዞ አልነበረም፤ የተበተነውን ሰፈሩን በወተት ቆርቆሮ ሰብስቦ ይዞ ነበር።

አባት፣ «እኔ የሰበርኩት ማን ነበረ?» ብሎ ጠየቀ። ልጁ ስሙን ነገረው። «የት እንደሄዱ አላውቅም፤ የእነርሱን ቤት የሚያውቅ የለም» አለ። አባትየውም፣ «አባቱን አውቀዋለሁ። እዚያው ቂርቆስ ነው የሚሠራው። እፈልገዋለሁ» አለው። «ይቅር በለኝ»ም አለው። ይህ በሐበሻ አባት አፍ ቀላል ቃል አይደለም።

ይህ አባት ዛሬም ቢሆን ልጁ ሰም ከሚፍቅ ሒሳብ ቢሠራ ይወድዳል፤ የቤት ሥራው ሳይጠናቀቅ መርፌ እንዳይያዝ የሚል ሕግም አውጥቷል። እናትም ተስማምታበታለች። ነገር ግን ከሁለት ሳምንት በኋላ የዚያን ልጅ ቤተሰብ ስልክ አግኝቶ መጣ፤ ልጆቹም ተነጋገሩ።

በቤታችሁ ልትሞክሩት ብትወድዱ

ይህን የቤተሰብ ጊዜ ለማድረግ ለምትፈልጉ ጥቂት ምክር ልስጣችሁ። ብዙ ወጪ የለበትም፤ አጫጭር ስብርባሪ ክሬዮኖች ይበቃሉ።

1. ወፍራሙንና አጭሩን ምረጡ፤ ቀጭኑ ቶሎ ይሰበራል። ወረቀቱን ላጡና ለጥቂት ደቂቃ በመዳፋችሁ አሙቁት። በአዲስ አበባ ብርድ ጠዋት ሰሙ ደርቆ ይፈረፈራል።

2. ቅርጹን አስቀድማችሁ በመርፌ ጫፍ ንደፉ። ከላይ ከራሱ ጀምሩ፤ ታችኛውን ግማሽ እንደ መቆሚያ ተዉት። ጥቂት በጥቂት ፋቁ፤ የተፋቀው አይመለስምና።

3. እግሮችን አትለያዩ፣ ቀንዱንም ከጀርባው ጋር ተያይዞ ይቆይ። ቀጭን የሆነው ሁሉ ይሰበራል።

4. ትናንሽ ልጆች በጥርስ መጎርጎሪያ ወይም ጫፉ በደነዘዘ ምስማር ይሥሩ። ምላጭ የሚይዘው አባት ወይም እናት ብቻ ይሁን።

5. የሚፋቀውን አትጣሉት። በቆርቆሮ አድርጋችሁ ቆርቆሮውን በሞቀ ውሃ ውስጥ አስቀምጡ፤ ቀልጦ አዲስ ክሬዮን ይሆናል። በቀጥታ በእሳት ላይ ግን አታስቀምጡት፤ ሰም በእሳት ይያያዛል።

6. ከተሰበረ ተስፋ አትቁረጡ። ትልቅ ሰው የመርፌውን ጫፍ በሻማ አሙቆ ሁለቱን ስብራቶች ይንካቸውና ወዲያው ገጥሞ ይያዛቸው። ድንጋይና እንጨት ሲሰበሩ እንዲህ አይገጥሙም፤ ሰም ግን ሲሞቅ ይያያዛል። መስመሩ ሊታይ ይችላል፤ ግን ይቆማል።

ከሁሉም በላይ አብራችሁ ተቀመጡ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ቅዳሜ ከሰዓት ቢሆን፣ ስልኩ ይቀመጥና እጃችሁ በአንድ ሥራ ላይ ይሁን። እጅ ሲሠራ አፍ ይፈታል። ልጆች ፊት ለፊት ተቀምጠው ሲጠየቁ የማይናገሩትን፣ ጎን ለጎን ሲሠሩ ሳያውቁት ይናገሩታል።

በተለይ በዚህ ዓመትና ባለፈው ዓመት ከሰፈራችሁ የተነሣችሁ ቤተሰቦች፣ ልጃችሁ ዝም ቢልባችሁ «አኩርፏል» ብላችሁ አትለፉት። ምን እንደሚሠራ፣ ምን እንደሚሰበስብ፣ ምን እንደሚደብቅ ተመልከቱ። ሳትሰብሩት በፊት «ይህ ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ባልና ሚስትም ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ስለ ልጆቻችሁ እጅ፣ በስም እየጠራችሁ፣ በአንድነት ጸልዩ።

ባስልኤልን በስሙ የጠራ አምላክ የልጆቻችሁን እጅ ይባርክ፤ ቤታችሁንም አንድ ያድርግ። በሚቀጥለው ዕትም እስክንገናኝ በጌታ ሰላም ሁኑ። አሜን።